ማስታወቂያ ለጠፍኩ፣ ሁለት ሰው ፈረመ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤

የምሠራው ከቱሉ ዲምቱ ወረድ ብሎ ባለ የካርቶን ፋብሪካ፣ ሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ነው። 340 ሠራተኞች ነን፤ በሦስት ፈረቃ ነው የምንሠራው። ባለፈው ወር ሥራ አስኪያጁ ጠርቶኝ «ለአረጋውያን መርጃ መዋጮ እናሰባስብ፤ የበጎ ፈቃደኞች ኮሚቴ አቋቁሚና አንቺ አስተባብሪ» አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። እኔን ያሳደገችኝ አያቴ ናት።

ቆንጆ ማስታወቂያ በቀለም አሳትሜ በክበቡ በርና ከአሻራ ማሽኑ አጠገብ ለጠፍኩ። «መሳተፍ የምትፈልጉ ስማችሁን ከታች ጻፉ» ይላል። ሦስት ሳምንት ሆነው። የፈረሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ጓደኛዬ ናት፤ እሷንም ያስፈረምኳት እኔው ነኝ። ሌላው የበር ጥበቃችን ናቸው። አንዱ ደግሞ ስሙን በመጻፍ ፈንታ «ደሞዝ ሲጨመር» ብሎ ጽፎበታል።

ሥራ አስኪያጁ በየሰኞው «የት ደረሰ?» ይለኛል። ሰው ነው የጨከነው ወይስ እኔ ነኝ ያላወቅኩበት? ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው በደብዳቤ ላስመድብ ይሆን?

ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

ልጄ፣ ደብዳቤው ይቅር። በደብዳቤ የተመደበ ሰው ወረቀቱን አዙሮ ይመልስልሻል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቂ።

ሰውም አልጨከነም። ባልደረባው ሐዘን ሲደርስበት ሌሊቱን ድንኳን የሚተክለው፣ የታመመ ጓደኛውን ተበድሮ የሚያሳክመው ይኸው ማስታወቂያሽን አልፎ የሚሄደው ሰው ነው። ማስታወቂያውን አንብቦታል። ግን ማስታወቂያ ስም አይጠራም። ክበብ በር ላይ ተለጥፎ «እናንተ» ሲል እያንዳንዱ ሰው ከጎኑ ያለውን ያያል።

እኔ በቃሊቲና በአቃቂ መካከል ባለ አንድ ፋብሪካ 27 ዓመት ዕቃ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ። ዕቃ ግምጃ ቤት ሁሉም ሰው ይመጣል፤ ጓንት ፈልጎ፣ ቦቲ ፈልጎ፣ አንዳንዴ ወሬ ፈልጎ። በዚህ ሰበብ መዋጮ ሲኖር እኔ ላይ ይወድቅ ነበር። የመጀመሪያውን ያበላሸሁት እንዳንቺው ነው። በወረቀት ፈንታ ሳጥን ነበር ያስቀመጥኩት። ከጣውላ ያሠራሁት፣ በቁልፍ የሚዘጋ፣ ላዩ ላይ ቀዳዳ ያለው። በሁለት ሳምንቱ ከሁለት ሰዎች ጋር ሆነን ከፈትነው። ጥቂት የተጣጠፉ ብሮች፣ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ሁለት የአንበሳ አውቶብስ ትኬት። የሸሚዙን ቁልፍ ለብዙ ጊዜ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬው ነበር።

ሁለተኛው ደግሞ ባሰ። አንድ የምርት ተቆጣጣሪ «እኔ አግዝሃለሁ» አለኝና ደስ ብሎኝ ዝርዝሩን ሰጠሁት። ወረቀቱን ይዞ በመውጫው በር ቆመ። የራሱን ሠራተኞች አንድ በአንድ እያስቆመ አስፈረመ። በአንድ ቀን ሞላ! እኔ ጀግና አገኘሁ ብዬ ነበር። ደሞዝ ሲወጣ ግን ሰዎቹ ተራ በተራ እኔ ዘንድ መጥተው ፊርማቸውን ሰረዙ። ያልሰረዙትም ለወራት ዓይኔን አያዩኝም ነበር። አለቃ ሲለምን ማን ልመና ይለዋል? እና የመጀመሪያው ምክሬ ይኼ ነው፦ ማንም አለቃ የራሱን ሰው አይጠይቅ። ሥራ አስኪያጁም ጭምር። አንቺም ብትሆኚ ሰው ሀብት ነሽ፤ የዓመት ፈቃድ ወረቀት በእጅሽ ነው የሚያልፈው። አስተባብሪ እንጂ ጠያቂዋ አትሁኚ።

ታዲያ ማን ይጠይቅ?

ፋብሪካችሁ ውስጥ እቁብ አለ። የለም ካልሽኝ አላውቅም ማለትሽ ነው። እቁቡን የሚሰበስበው ማን እንደሆነ ጠይቂ። በእኛ ዘመን ማሸጊያ ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች። ማዕረግ የላትም፤ ካርቶን ነበር የምታጥፈው። ግን የቅዳሜው እቁብ ዳኛ እሷ ነበረች። የ40 ሰው ብር በእጇ ያልፋል፤ አንድም ቀን ጎደለ ሲባል አልሰማሁም።

ሦስተኛውን መዋጮ ስጀምር በቀጥታ እሷ ጋ ሄድኩ። የምሳ ሰዓት ነበር። የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ተቀምጣ፣ ጉልበቷ ላይ ባለ 50 ሉክ ደብተር ዘርግታ በቀይ እስክሪብቶ ጭረት ታደርጋለች። ነገሩን ነገርኳት። ቀና አላለችም። የሚቀራትን ጭረት ጨረሰች፤ እስክሪብቶዋን ከሻሿ ሥር ሰካች፤ ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ።

«ብሩ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ባንክ፤ በሁለት ሰው ፊርማ።»

«መድረሱን በምን እናውቃለን?»

«ደረሰኙ ክበቡ ውስጥ ይለጠፋል።»

«እምቢ ያለ ሰውስ? ስሙ የት ነው የሚጻፈው?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ትንሽ ቆየሁና «የትም አይጻፍም» አልኳት። «እንግዲያው እገባለሁ» አለችኝ።

ከሦስቱ ዋናው የመጨረሻው ጥያቄ ነበር። ሰው መዋጮ ሲባል የሚፈራው ብሩን ብቻ አይደለም። ዝርዝሩን ነው። ማን ስንት ሰጠ፣ ማን አልሰጠም፣ ቢሮ ድረስ ይሄድ ይሆን የሚለውን ነው። ስለዚህ ጠያቂዎችሽን ስትመለምዪ የመጀመሪያው ቃልሽ ይህ ይሁን፤ እምቢ ያለ ሰው ስም የለም፤ የሰጠም ሰው መጠን አይለጠፍም። የሚለጠፈው ጠቅላላ ድምሩ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በእኔ ልምድ አንድ ሰው ደህና አድርጎ ማናገር የሚችለው 20 ሰው ያህል ነው። ከዚያ ካለፈ ወረቀት ማዞር ይሆናል። 340 ለ20 ሲካፈል 17 ነው። «17 ሰው ከየት ላምጣ?» ትዪኝ ይሆናል። አንቺ አራት ብቻ ፈልጊ። አራቱ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ያምጡ። ያ 16 ነው፤ ጓደኛሽን ስትጨምሪ 17 ሞላ። አራቱን ግን ራስሽ፣ በአካል፣ አንድ በአንድ አናግሪ። በቴሌግራም አይሆንም። የሥራ ቦታ ግሩፕ ላይ የተጻፈ ነገር በስቲከር ተቀብሮ ይቀራል።

አራቱን ስትመርጪ ከፈረቃ አንጻር እይው። ሁልጊዜ የሚረሳው ማታ 5 ሰዓት የሚገባው ፈረቃ ነው። ቢሮ ያለ ሰው ሌሊት ሠራተኛ ያለ አይመስለውም። እኔ አንድ ጊዜ የሌሊቱን ፈረቃ ጨርሶ ረስቼው፣ በኋላ አንድ መካኒክ «እኛን ድሃ አደረጋችሁን እንዴ? ለመስጠትም አልበቃንም?» ብሎ ተቆጣኝ። ሰው ስላልተጠየቀ ይቀየማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አንድ ሌሊት እንቅልፍሽን አጥተሽ ሂጂና የሚሰማ ሰው ፈልጊ። ብዙ ጊዜ የጥገና ሰው ነው፤ ማሽን ሲቆም ሁሉም የሚጠራው እሱን ነውና።

ቋንቋም አለ። በእናንተ በኩል፣ ከገላንና ከዱከም የሚመጣው ሠራተኛ ብዙ ነው፤ ከማሽኑ ሥር የሚቀልደው በኦሮምኛ ነው። ሰው የሚለመነው በሚቀልድበት ቋንቋ ነው። ከአራቱ ቢያንስ ሁለቱ ኦሮምኛ አፍ መፍቻቸው ይሁን። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁም ሊቀመንበሩን አስቀድመሽ አናግሪው። ኮሚቴ ውስጥ ባይገባ እንኳ ከሌላ ሰው እንዳይሰማ።

አራቱን ምን ብለሽ ትጠይቂያለሽ? «ኮሚቴ ውስጥ ግቡ» ካልሽ ይሸሻሉ። በዚህ አገር ኮሚቴ ማለት ማለቂያ የሌለው ስብሰባ ነው። ልኩን ንገሪያቸው። ሁለት ሳምንት ነው። ስብሰባው ሁለት ጊዜ ነው፤ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ በሥራ ሰዓት። 20 ሰው ታናግራላችሁ። ከዚያ አለቀ። መጨረሻው የሚታይ ሥራ ሰው አይፈራም። የሕዳሴው ግድብ በመጋቢት 2003 ሲጀመር አስታውሺ፤ አንቺ ያኔ ተማሪ ነበርሽ መሰለኝ። የወር ደሞዛችንን ለ12 ወር ከፋፍለን ቦንድ ገዛን። የኑሮው ነገር ያን ጊዜም ቀላል አልነበረም። ግን 12 ወር ነው ተባለ፤ በአሥራ ሁለተኛው ወር አበቃ። ሰው ወር ቆጥሮ የሚጨርሰውን ነገር ይችለዋል።

እዚህ ላይ ሥራ አስኪያጁን ሥራ ስጪው። በየሰኞው «የት ደረሰ?» ከሚልሽ ሦስት ነገር ይፍቀድ። አንደኛ፣ ስብሰባዎቹ በሥራ ሰዓት ይሁኑ፤ ለክፍል ኃላፊዎቹም እሱ ራሱ ይንገር። ሁለተኛ፣ ድርጅቱ አስቀድሞ የራሱን ያውጣ። ሠራተኛው ባዋጣው ልክ እጨምራለሁ ቢል ደግሞ ግሩም ነው፤ ያ «ደሞዝ ሲጨመር» ብሎ የጻፈው ልጅ እንኳ ይህን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። (በነገራችን ላይ ያን ልጅ ፈልጊው። የሚቀልድ ሰው ጥሩ ጠያቂ ይወጣዋል። አልቀልድም።) ሦስተኛው፣ ከዚያ በኋላ ዝም ይበል።

ከደሞዝ ለማስቆረጥ ካሰባችሁ ጠንቀቅ በሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ እንደፈለገ ከደሞዝ አይቆርጥም። ለእናንተ ጉዳይ የሚያስፈልገው ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ መስማማቱ ነው። ተስማምቶም ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። የቁጠባና ብድር ማኅበር ዕዳ ያለበት ሰው እኮ ሲሶው ቀድሞ ሊሞላበት ይችላል። ስለዚህ ቅጹን ከማሳተምሽ በፊት ደሞዝ የምትሠራዋን ልጅ አማክሪ። ቅጹ ላይ ስንት ብር፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር የሚል ይኑር። «እስክሰርዝ ድረስ» የሚል ቅጽ አታምጪ።

በቴሌብር እሰጣለሁ የሚል ካለ በቀጥታ ወደ መርጃው ሒሳብ ይላክ። በጠያቂው ስልክ በኩል ማለፍ የለበትም። ጠያቂው ታማኝ አይደለም ማለቴ አይደለም። ነገ አንድ ሰው «የላኩት ደርሷል?» ሲለው ታማኝነቱን በማስረዳት ቀኑን እንዳያጠፋ ነው።

ለየትኛው መርጃ እንደምትሰጡ ደብዳቤሽ አይልም። ሥራ አስኪያጁ ቀድሞ ካልወሰነ ለ17ቱ ተዪው። ብቻ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ ይሁን፤ የምዝገባ ወረቀቱን ጠይቁ፣ አያፍሩበትም። ሃይማኖት ሳይለይ የሚቀበል ቢሆን ደግሞ ለእናንተ ፋብሪካ ይሻላል። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም አንድ መስመር ላይ ነው የሚቆመው።

ከዚያ አንድ እሑድ ሰርቪሱን አስፈቅደሽ ሄዳችሁ እዩ። መቄዶንያ ከሆነ ሩቅ አይደለም፤ ከእናንተ በጎሮ በኩል አድርጋችሁ አያት ነው። ቢኒያም በለጠ በቤተሰቡ ቤት ጥቂት ሰዎችን ሰብስቦ የጀመረው ነገር ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን የሚኖሩበት ሆኗል። እኔ ይህን እሑድ ከሁሉ ስብሰባ እመርጠዋለሁ። እኛ ወደ አንድ መርጃ በሄድን ጊዜ ያቺ የእቁብ ዳኛ አንዲት አሮጊት ጥፍር ስትቆርጥ ዋለች። ንግግር አላደረገችም፤ ፎቶም አልተነሳችም። ሰኞ ዕለት ክፍሏ ውስጥ «ምን አያችሁ?» ሲሏት ስለ ጥፍሩ ብቻ አወራች። እንዴት እንደደነደነ፣ ሞቅ ባለ ውኃ ዘፍዝፋ እንደቆረጠችው፣ አሮጊቷ «የማን ልጅ ነሽ?» እያለች አሥር ጊዜ እንደጠየቀቻት። ከሃያዎቹ ሰዎቿ የፈረሙትን ስትነግረኝ ደግሜ ቆጠርኩ።

የአጠያየቁ ነገር አጭር ነው። ጠያቂው መጀመሪያ የራሱን ይፈርም። ከዚያ እኩያውን ለብቻው አግኝቶ «እኔ በወር 100 ብር ለስድስት ወር ፈርሜያለሁ። አንተስ?» ይበለው። ከዚያ ዝም ይበል። ዝምታው ይከብዳል፤ ሰው ቶሎ ብሎ «ባይመችህም ችግር የለውም፣ 10 ብርም ይበቃል» ማለት ይጀምራል። አይበል፤ ቡናውን ይጠጣ። አይመቸኝም ካለው «እሺ ወንድሜ» ብሎ ሌላ ወሬ ያምጣ። በትንሽ ደሞዝ እናት የሚጦር፣ ወንድም የሚያስተምር ሰው ሞልቷል፤ እሱ የራሱን መርጃ ቤቱ ውስጥ ከፍቷል። ሰርቪስ ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በጭራሽ አይጠየቅ። መውረጃ የሌለው ሰው ይጨነቃል።

ጊዜውን በሚመለከት፣ መስከረምን እርሺው። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር ያለበት ወር ነው። የበዓል ዋዜማም አይሆንም። በሬ ቅርጫ የገባ ሰው ኪሱ ባዶ ነው። ደሞዝ በገባ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ጀምሪ። የወሩ መጨረሻ ሳምንት ላይ ሰው ለታክሲም ይበደራል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትደነግጪ ጠብቂ። ከ17ቱ ሦስት አራቱ ይጠፋሉ። አንዱ ፈረቃ ይቀየርበታል፣ አንዷ ልጅ ይታመምባታል፣ አንዱ ዝም ብሎ ያፍራል። ስብሰባ ላይ «ለምን አልሠራህም?» አትበዪ። የያዘውን ዝርዝር በሰላም ተቀበይና ለሌላ አካፍዪ። እኔ አንዱን በሰው ፊት ወቅሼው እስካሁን ሰላምታው ቀዝቃዛ ነው። ጡረታ ከወጣን በኋላ እንኳ!

ሲያልቅ ቲሸርት አታሳትሙ። ከመዋጮው ብር የተነሳ መስሎ ይታማል፣ ባይሆንም። አንድ ኪሎ ቡና፣ ቆሎ፣ ሁለት ድፎ ዳቦ ይበቃል። ቡናውን ሥራ አስኪያጁ በገዛ እጁ ያድል። በእኛ ጊዜ አንዱ ሥራ አስኪያጅ ሲኒ ማደል አላወቀበትም ነበር። ረከቦቱ ላይ ደፋብን፤ ሠራተኛው ያን ቀን የሳቀውን ሳቅ እስካሁን ያነሳዋል።

አሁን ወደ ሥራሽ። ማስታወቂያውን ዛሬ አውርጂው። ስታወርጂው ግን ከሥሩ ያለውን ስም ደግመሽ እይው። የበር ጥበቃው ማንም ሳይጠይቃቸው ስማቸውን ጽፈዋል። ሦስቱም ፈረቃ በእሳቸው በኩል ነው የሚገባው፤ 340ውንም በስም ሳያውቁ አይቀሩም። ከአራቱ የመጀመሪያው ሰው ደጅሽ ላይ ቆሞልሻል። ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ የሰጣቸውም የለም። ከሥራ ስትወጪ በሩ ጋ ቁሚና ስለመዘግየትሽ ይቅርታ ብለሽ ጀምሪ።